የፍራፍሬ ላምቢክ ሲቆይ ይጥማል ወይስ ፍሬው ይጠፋል?

ላምቢክ የተባሉትን የቤልጂየም ጎምዛዛ ቢራዎች በሚወዱ ሰዎች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ ወገን ቼሪ ስለገባበት ላምቢክ ሲናገር «ክሪክ እንደ ወይን ጠጅ ነው፤ ባስቀመጥከው ቁጥር ይጥማል» ይላል። ሌላው «የፍራፍሬ ቢራ ውበቱ ትኩስነቱ ነው፤ ዛሬውኑ ክፈተው» ይላል። ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ደግሞ ጠርሙሱ ራሱ ነው። አንዳንድ አምራቾች ከታሸገበት ጊዜ 10፣ አንዳንዴም 20 ዓመት የራቀ ቀን ያትሙበታል። ገዢው ይህን አይቶ «እንግዲያው ብዙ ዓመት ላስቀምጠው» ቢል አይፈረድበትም። በዚያ ላይ አሮጌ ጠርሙሶች በሰብሳቢዎች መካከል ከመጀመሪያ ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ይሸጣሉ። ዋጋው ራሱ ማስረጃ ይመስላል።

ችግሩ ሁለት ጥያቄዎች መደባለቃቸው ነው። ቢራው ሳይበላሽ ስንት ዓመት ይቆያል? ፍሬውስ ስንት ዓመት ይቆያል? የመጀመሪያው መልስ ረጅም ነው፤ የሁለተኛው አጭር። መለያው ላይ ያለው ቀን የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከቢራው መጀመር ያስፈልጋል።

## ላምቢክ ምን ዓይነት ቢራ ነው?

ላምቢክ በብራስልስና ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ባለው ፓዮተንላንድ በሚባለው አካባቢ ይጠመቃል። የሚሠራው ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ ነው። የስንዴው ድርሻ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይሆናል። ለቢራ ምሬት የሚሰጠው የሆፕ ተክል አበባም ይገባበታል። ግን የቆየና ምሬቱን የለቀቀ ሆፕ ነው። ሥራው ማምረር ሳይሆን የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችን መግታት ነው።

የተቀቀለው ፈሳሽ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ክፍት ገንዳ ውስጥ ይገለበጥና ሲቀዘቅዝ ያድራል። ጠማቂው እርሾ አይጨምርበትም። በአየሩ፣ በሕንፃውና በእንጨት በርሜሉ ውስጥ ያሉ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ራሳቸው ገብተው ያፈሉታል። ሥራው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቻ የሚሠራውም ለዚህ ነው። የቤት ጠላና ጠጅ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እኛም ዘንድ ጥንስሱን የሚያስነሳው ከጌሾው፣ ከእህሉ ወይም ከማሩ፣ ከዕቃውና ከአካባቢው የሚመጣ እርሾ ነው። የሚለየው ጊዜው ነው። ጠላ በቀናት ይደርሳል። ላምቢክ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በርሜል ውስጥ ይቀመጣል።

በእነዚያ ዓመታት ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መጀመሪያ የተለመደው የቢራ እርሾ አብዛኛውን ስኳር ይበላል። ቀጥሎ የላክቲክ ባክቴሪያዎች ይመጣሉ። እርጎን የሚያጎመዝዘውን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። መጨረሻ ላይ ብሬታኖማይሲስ የተባለ ዝግተኛ እርሾ ይረከባል። ይህን እርሾ በ1904 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ቢራ ውስጥ ለይቶ ያስተዋወቀው የካርልስበርጉ ተመራማሪ ኒልስ ክላውሰን ነው። ሌሎች እርሾዎች መብላት ያቃታቸውን ረጃጅም ስኳሮች ይበላል። የድርቆሽ፣ የቆዳና የከብት በረት ሽታ ይሰጣል። ጠርሙስ ከተዘጋ በኋላም ለዓመታት በሕይወት ይቆያል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ባለጉዳይ እሱ ነው።

ፍራፍሬው የሚገባው ላምቢኩ በርሜል ውስጥ የተወሰነ ጊዜ ከቆየ በኋላ ነው። ቼሪ የገባበት ክሪክ ይባላል። ራዝቤሪ የገባበት ደግሞ ፍራምቧዝ ነው። መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። በ1900 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በብራስልስ አንደርሌክት ሰፈር የሚገኘው ካንቲዮን ለመደበኛ ክሪኩ በሊትር 200 ግራም ገደማ ቼሪ ይጠቀማል። ሉ ፔፔ ለሚለው የክሪክ ዓይነቱ 300 ግራም ገደማ ያደርገዋል። በሌምቤክ የሚገኘው ቦን ማርያዥ ፓርፌ ለሚለው ክሪኩ 400 ግራም ይጨምራል። ይህ ቁጥር በኋላ ለዕድሜው ትርጉም አለው። የገባው ፍሬ በበዛ ቁጥር ለመጥፋት የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል።

## ስኳሩ ቀድሞ ይሄዳል

«የፍራፍሬ ቢራ» ሲባል ብዙ ሰው ጣፋጭ መጠጥ ይጠብቃል። ባህላዊው ክሪክ ግን ጣፋጭ አይደለም። ፍሬው በርሜል ውስጥ እንደገባ እርሾዎቹ ስኳሩን በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይጨርሱታል። ብርዝ ጠጅ ሲሆን ጣፋጭነቱ እንደሚሄድና የማሩ ጠረን ግን እንደሚቀር ማለት ነው። ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው የፍሬው ቀለም፣ መዓዛ፣ አሲድና አፍ የሚያደርቀው ታኒን ነው። እነዚህ አራቱ በአንድ ፍጥነት አይሄዱም። የፍራፍሬ ላምቢክ እርጅና ውስብስብ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

በብራስልስ ሱፐርማርኬት የሚገዛ ሰው አንድ ነገር መለየት አለበት። መደርደሪያው ላይ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የሚገኘው ክሪክ ጣፋጩ ዓይነት ነው። እሱ የተጣራ፣ ብዙውን ጊዜ በሙቀት የታከመና ስኳር ወይም ጭማቂ የተጨመረበት ነው። በውስጡ የሚሠራ ሕያው እርሾ የለም። እሱን ማስቀመጥ ምንም ጥቅም የለውም፤ ፍሬው ይደበዝዛል፣ ጣፋጩ ብቻ ይቀራል። «ኦውደ ክሪክ» የሚለው የባህላዊው ክሪክ ስያሜ ግን በአውሮፓ ኅብረት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥበቃ ያለው ነው። ከዚህ በታች የምናወራው ስለዚህ ዓይነቱ ነው።

## መዓዛው የሚሰበርበትና የሚወለድበት መንገድ

ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተው በብዛት ኤስተር በሚባሉ ውህዶች ነው። አሲድና አልኮል ሲጣመሩ የሚፈጠሩ፣ በቀላሉ የሚተኑ ውህዶች ናቸው። የሙዝ ሽታ የሚሰጠው አይሶአሚል አሲቴት አንዱ ምሳሌ ነው። ኤስተሮች በጎምዛዛ ፈሳሽ ውስጥ ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ። ብሬታኖማይሲስ ደግሞ ያፋጥነዋል፤ አንዳንድ ኤስተሮችን የሚሰነጥቅ ኢንዛይም አለው። ኢንዛይም ማለት ኬሚካዊ ለውጥን የሚያቀላጥፍ ፕሮቲን ነው። በዚያው ልክ ሌሎች ኤስተሮችን ይሠራል። ኤቲል ላክቴትና ኤቲል አሲቴት እየበዙ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መዓዛ አይጠፋም፣ ይለወጣል። ከፍሬው የመጣው ይቀንሳል፤ ከላምቢኩ የመጣው ይጨምራል።

ካንቲዮን ራሱ ለደንበኞቹ የሚለው ከዚህ ጋር ይገጥማል። ወጣቱ የፍራፍሬ ላምቢክ ሙሉ የፍሬ ጣዕም አለው። ኋላ የላምቢኩ ጣዕም ፍሬውን እየተጫነው ይሄዳል። ይህን የሚለው የሚሸጠው አካል ስለሆነ ክብደት ልንሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ። «አስቀምጡት፣ ይወደዳል» ማለት ለእሱ ይቀለው ነበር።

ግን አንድ ደስ የሚል ነገር በተቃራኒው ይሠራል። ፍራፍሬ ውስጥ ካሉት የመዓዛ ውህዶች ብዙዎቹ ከስኳር ጋር ተጣብቀው ነው የሚገኙት። እንደተጣበቁ አይሸቱም። ብሬታኖማይሲስ ይህን ማሰሪያ የሚፈታ ኢንዛይም አለው። ስለዚህ ፍሬው ሲገባ ያልነበረ መዓዛ ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ጎልቶ የሚታየው ቼሪ ላይ ነው። ቼሪው ብዙውን ጊዜ ከነፍሬ ድንጋዩ ነው በርሜል የሚገባው። በድንጋዩ ውስጥ ያለው አሚግዳሊን የሚባል ውህድ ሲፈታ ቤንዛልዲሃይድ ይወጣል። የአልመንድና የማርዚፓን ሽታ የሚሰጠው ይህ ነው። ከቼሪው ዩጂኖልም ይለቀቃል። ቅርንፉድን ቅርንፉድ የሚያሰኘው ውህድ ነው። «ክሪክ ሲቆይ ይጥማል» የሚሉ ሰዎች ከሜዳ ተነሥተው አይደለም። ያገኙት ነገር ይህ ነው።

## ቀለሙ

የቼሪና የራዝቤሪ ቀይ ቀለም አንቶሲያኒን ከተባሉ ውህዶች ይመጣል። በሙቀት፣ በብርሃንና በኦክስጅን ይዳከማሉ። ከታኒን ጋር እየተያያዙ ወደ ጡብና ወደ ብርቱካን ያደላ ቀለም ይይዛሉ። ከፊሉም ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል። ቀለሙ ጠይም የሆነ ጠርሙስ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ግን የፍሬው ሰዓት እየሄደ እንደሆነ ጥሩ ጠቋሚ ነው።

## ይበልጥ ይጎመዝዛል ወይስ ይለሰልሳል?

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ምስክርነቶች ይሰማሉ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ይለሰልሳል የሚሉት የሚጠቅሱት ማሊክ አሲድን ነው። አፕልን ስንነክስ ምላስ የሚቆነጥጠው እሱ ነው። ቼሪም በብዛት አለው። የላክቲክ ባክቴሪያዎች ማሊኩን ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡት ጎምዛዛነቱ ይለዝባል። የወይን ጠማቂዎችም ይህን ሆን ብለው የሚጠቀሙበት ሂደት ነው።

ይጎመዝዛል የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ስሜቱ ነው። የበሰለ ፍሬ ሲሸተን አእምሯችን ጣፋጭ ነገር ይጠብቃል። ስኳር ባይኖርም ፈሳሹ የለሰለሰ ይመስለናል። መዓዛው ሲሄድ ያ መጋረጃ ይነሣል። አሲዱ ምንም ሳይጨምር ጎልቶ ይሰማል። ደካማ ቡሽ ኦክስጅን ካስገባ ደግሞ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤው አሲድ፣ በእርግጥ ይጨምራል። አንድ ጠርሙስ ጉሮሮ የሚያቃጥል ኮምጣጤ ከሆነ ይህ የክምችት ጉድለት እንጂ «ብስለት» አይደለም።

## ፍሬ ሁሉ እኩል አይቆይም

በአጠቃላይ «የፍራፍሬ ላምቢክ» ብሎ መናገር የክርክሩ ትልቁ ድክመት ነው።

ራዝቤሪ ቶሎ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ወራት መዓዛው ክፍሉን ይሞላል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ የፍሬው ትኩስነት ሄዶ የዘሩና የእንጨቱ ነገር ይቀራል። ቀለሙም ከደማቅ ሮዝ ወደ ሽንኩርት ልጣጭ ይጠጋል። ራዝቤሪ በሲትሪክ አሲድ የበለጸገ ነው። አንዳንድ የላክቲክ ባክቴሪያዎች ይህን አሲድ ሲበሉ ጥቂት አሴቲክ አሲድ ትተው ይሄዳሉ። ስለዚህ አሮጌ ፍራምቧዝ ሰላ ያለ ጎምዛዛ ሲሆን ብናገኘው አይግረመን።

አፕሪኮትም ለስላሳና ተሰባሪ ነው። ካንቲዮን ፉ ፉን በሚለው ቢራው ቤርዥሮን የተባለ የፈረንሳይ አፕሪኮት ይጠቀማል። ትኩሱ ጠርሙስ ሲከፈት የበሰለ ኮክ የሚመስል መዓዛ ይወጣል። ግን አፕሪኮት ታኒኑ ጥቂት ነው። ቀይ ቀለምም የለውም። መዓዛው ከሄደ በኋላ በላምቢኩ ውስጥ የቆየ አሻራው ትንሽ ነው። ከዓመታት በኋላ የተከፈተ የአፕሪኮት ላምቢክ ጥሩ ያረጀ ላምቢክ ሊሆን ይችላል። ግን ለአፕሪኮት ብሎ የገዛው ሰው ያዝናል።

ወይን የገባባቸው ሌላ ታሪክ አላቸው። ካንቲዮን ሙስካት የገባበትን ቪኜሮን፣ ሜርሎ የገባበትን ደግሞ ሳን ላምቪኑስ ይለዋል። በተለይ የቀይ ወይን ፍሬ ልጣጩና ዘሩ ታኒን ስላለው እንደ አጥር ይደግፈዋል። መጀመሪያ ላይ ሻካራ የነበረው በጊዜ ይለዝባል።

ከሁሉም በላይ የሚቆየው ግን ቼሪ ነው። ቀለም አለው፣ ታኒን አለው፣ ድንጋዩም አለው።

## አንድ ክሪክ በዓመታት ውስጥ

ከታሸገ ገና ዓመት ያልሞላው ኦውደ ክሪክ ሲቀዳ ደማቅ ቀይ ነው። አረፋው ሮዝ ነው። አፍንጫ ላይ ትኩስ ቼሪ ይመጣል፤ ከኋላው ቀጭን የአልመንድ ሽታ። ጎምዛዛነቱ ንጹሕ ነው። በዚህ ዕድሜ አልፎ አልፎ ደስ የማይል ነገር ያጋጥማል። ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀር የአይጥ ሽታ ወይም የቆየ ብስኩት የሚመስል ጣዕም ነው። እነዚሁ ተሕዋስያን የሚሠሩት ውህድ ያመጣዋል። ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይለቃል። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ያጋጠመው ሰው ቀሪዎቹን ሳይደፋ ቢጠብቅ ይሻላል።

ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ጊዜ ፍሬው ወደ ኋላ ይላል፤ ግን አልሄደም። ከትኩስ ቼሪ ይልቅ የደረቀ ቼሪ ይመስላል። አልመንዱ ይጎላል። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚመስል ነገር ይመጣል። ታኒኑ ምላስን ያዝ ያደርጋል። ለእኔ የጥሩ ክሪክ ምርጥ ጊዜ ይህ ነው። ፍሬውና ላምቢኩ ሁለቱም የሚሰሙት በዚህ ዕድሜ ነው።

አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ መሪው ላምቢኩ ነው። ቀለሙ ጡብ ይሆናል። ቆዳ፣ ድርቆሽ፣ እርጥብ ምድር ቤት ይሸታል። ቼሪው ከኋላ እንደ ድንጋዩ ምሬት ብቻ ይሰማል። አሥር ዓመት ሲጠጋ ጥሩው ጠርሙስ ሼሪ የሚባለውን የስፔን ወይን መምሰል ይጀምራል። መጥፎው ደግሞ ጋዙ አልቆ፣ ቀጥኖ፣ ጎምዛዛ ውኃ ብቻ ይሆናል። ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ጠርሙሶች እንኳ በዚህ ዕድሜ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ቡሽ የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ አንዱ ከሌላው የበለጠ አየር ያስገባል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቢራው አልተበላሸም። ተራ ላገር ቢራ በወራት ውስጥ የረጠበ ካርቶን መሽተት ይጀምራል። በላምቢክ ጠርሙስ ውስጥ ግን ሕያው እርሾ አለ። የገባውን ጥቂት ኦክስጅን ቀድሞ ይወስደዋል። አሲዱና አልኮሉም ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያግዛሉ። 20 ዓመት የሚል ቀን ማተም የሚያስችለው ይህ ነው። ስለ ፍሬው ግን ምንም ቃል አይገባም።

## አያያዙ ከዕድሜው በላይ ይወስናል

ሁለት ሰዎች «የአምስት ዓመት ክሪክ» ጠጥተው ካልተስማሙ ምናልባት የጠጡት አንድ ነገር ላይሆን ይችላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እንዲህ ያሉ ኬሚካዊ ለውጦች በግምት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናሉ። በ12 ዲግሪ ምድር ቤት የተኛ ጠርሙስና በ25 ዲግሪ ሳሎን መደርደሪያ ላይ የቆመ ጠርሙስ ልደታቸው አንድ ቢሆንም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም። ዱባይ ሙቀት ውስጥ መጋዘን ያሳለፈማ የባሰ ነው።

ሙቀት ምን ሊያደርግ እንደሚችል በ2009 እ.ኤ.አ. በቤልጂየሟ ቤርሰል በግልጽ ታይቷል። ድሪ ፎንታይነን የተባለው የላምቢክ አምራች መጋዘን የሙቀት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ክፍሉ ከመጠን በላይ ጋለ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጠርሙሶች ተበላሹ፤ የፈነዱም ነበሩ። ባለቤቱ አርማን ደበልደር ከተበላሸው ቢራ የተወሰነውን አስወጥቶ አረቄ አስወጣበት። ቤቱ ሊዘጋ ደርሶ ነበር።

ስለዚህ ጨለማ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሆነ የማይዋዥቅ ሙቀት ያስፈልጋል። ባለ ቡሽ ጠርሙስን ማጋደም ቡሹ እንዳይደርቅ ይረዳል። ዝቃጩ እንዳይበጠበጥ ጠርሙሱን ሳያቆሙ በእርጋታ ከፍቶ መቅዳት ነው።

## ክርክሩን ስንመዝነው

«ትኩሱን ጠጡ» የሚሉት ጠንካራው ክርክራቸው ቀላል ነው። ፍሬው ባይፈለግ ኖሮ መጀመሪያውኑ ለምን ተጨመረ? ፍሬ ያልገባበትና ከአንድ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት ላምቢኮች የሚቀላቀለው ጉዝ ለረጅም ዕድሜ የተሻለ ምርጫ ነው። ብዙ ጊዜ ርካሽም ነው። ያረጀ ፍራምቧዝና ያረጀ ጉዝ ደግሞ በጣዕም እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። ሁለቱንም የሚመራቸው አንድ እርሾ ነውና።

«አስቀምጡት» የሚሉት መልስ ቼሪና ቀይ ወይን ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ አሳማኝ ናቸው። የጎላው አልመንድ፣ ቅርንፉዱ፣ የለዘበው ታኒን በትኩስ ጠርሙስ ውስጥ አይገኙም። ይህን ወደ ራዝቤሪና አፕሪኮት ሲያሰፉት ግን ክርክራቸው ይላላል።

የዚህ ግራ መጋባት ውጤት ገበያው ላይ እየታየ ነው። ብርቅ የሆኑ የራዝቤሪና የአፕሪኮት ጠርሙሶች ለዓመታት ሳይከፈቱ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ይዞራሉ። በየእጁ ዋጋቸው ይጨምራል፤ ፍሬው ደግሞ ይቀንሳል። ዋጋው የሚለካው ብርቅነትን ነው፣ ጣዕምን አይደለም። አምራቾች የታሸገበትን ቀን፣ የፍሬውን ዓይነትና በሊትር የገባውን ግራም በግልጽ ቢያትሙ ለገዢው ከ20 ዓመቱ ቀን ይልቅ ይጠቅሙታል። አንዳንዶቹ ይህን ጀምረዋል።

እስከዚያው ድረስ ጠርሙስ የያዘ ሰው የሚያየው የታሸገበትን ቀን ነው። ራዝቤሪና አፕሪኮት ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቢዘገይ በሁለተኛው ይክፈተው። ክሪክ ከሆነና ሁለት ጠርሙስ ካለው አንዱን አሁን፣ ሌላውን ከሦስት ዓመት በኋላ ቢከፍት ለውጡን በራሱ ምላስ ያገኘዋል።